ዕቃ የሚጠፋው በመረካከቢያው ላይ ነው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በድሬ ዳዋ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ጭነትና መጓጓዣ አንድ ጉዳይ መርጬ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ሐዲድ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ደረቅ ወደብ አንድ ነገር እንደምል ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን የመረጥሁት አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚያነሣውን ዕቃ ነው። ይኸውም የእጅ ሥራ ነው፤ በተለይም ከዚህ ከተማ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከሐረር የሚመጣው ስፌት። እንዲህ ያለው ዕቃ በጉዞ ላይ ለምን እንደሚጠፋና እኛ መሐንዲሶች ስለዚህ ነገር ምን ልናደርግ እንደምንችል በአጭሩ ላስረዳ።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ የሥራ ባልደረባዬ እናት በውጭ አገር ለምትኖር ልጃቸው የሚላክ ሰባት ስፌት ሰጡኝ። እኒህ እናት ስፌት የተማሩት በልጅነታቸው፣ ከእኩዮቻቸው ጋር በአንዲት ባለሞያ ሴት ቤት ተቀምጠው ነው፤ ሐረሪዎች ይህን የመማሪያ ቤት ሞያ ጋር ይሉታል። ሰባቱን በወስፌ ሰፍተው ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እንደምታውቁት በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ በሥርዐት የሚሰቀለው ስፌት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሴቲቱ ሞያና የቤተ ሰቡ ክብር የሚታይበት ነው። እናቲቱም ልጃቸው በሰው አገር ግድግዳዋ ባዶ እንዳይሆን ብለው ነበር የሰፉት።

መሐንዲስ ነኝና ማሸጉን ለእኔ ተዉልኝ አልሁ። ካርቶኑን ደራረብሁ፣ በየመካከሉ ወረቀት ጠቀጠቅሁ፣ ዙሪያውን አሰርሁ። በመላኪያው ወረቀት ላይ ግን «የቤት ዕቃ፣ 1 ካርቶን፣ 9 ኪሎ» ብዬ ብቻ ጻፍሁ። እንዲህ ያለው አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን ያፋጥናል ተብዬ ስለ ነበር ነው። ካርቶኑ ከሁለት ወር በኋላ ደረሰ። ሲከፈት ከሰባቱ ሦስቱ፣ ያውም ትልልቆቹ፣ አልነበሩም። በቦታቸው የተጨማደደ ጋዜጣና አሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅጥቆ ተገኘ።

ወረቀቱን መልሼ ስመረምር አምስት ፊርማ አገኘሁበት። አምስቱም ሰዎች የፈረሙት «1 ካርቶን» ለሚለው ቃል ነው። እያንዳንዱ አንድ ካርቶን ተረክቦ አንድ ካርቶን አስረክቧል። በወረቀቱ መሠረት የጎደለ ነገር አልነበረም። ብዙ ደብዳቤ ከተጻጻፍን በኋላ የቀረበልን ካሣ በጎደለው ኪሎ ልክ የተሰላ ነበር። ይህንኑ ለእናቲቱ ሄጄ ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ እናንተ የመዘናችሁት ካርቶኑን ነው፤ ዓይኔንስ ማን መዘነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለመላክ ብለው አልሰፉም።

ክቡራን ሆይ፣ ትልቁ ጉዳት ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል። የጠፋው ሦስት ስፌት ነው፤ የቆመው ግን ሥራው ነው። በዘመናችን ባለሞያዋ ከአካባቢዋ ገበያ ውጭ ያለውን ገዢና ዘመድ የምታገኘው በመላክ ነው። መላክ ያልታመነ እንደሆነ ሞያውም ገበያውን ያጣል።

እስቲ አሁን በሞያችን ዓይን እንመልከተው። አንድን የብረት መዋቅር ስንመረምር አስቀድመን የምናየው መገጣጠሚያውን ነው፤ ምሰሶው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከብሎኑና ከብየዳው ይጀምራልና። ጭነትም እንደዚሁ ነው። ዕቃ በሚሄድ ባቡር ላይ ወይም በሰማይ ላይ ባለ አውሮፕላን ውስጥ ብዙ አይሰረቅም። የሚሰረቀው ከመኪና ወርዶ መጋዘን ሲገባ፣ ከመጋዘን ወጥቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ አንዱ አስረክቤአለሁ ሲል ሌላው ገና አልተረከብሁም በሚልባት በዚያች መካከለኛ ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ዕቃው ባለቤት የለውም።

ይህን ነገር በድሬ ዳዋ መናገር የተገባ ነው፤ ከተማችን ራሷ ከመረካከቢያ የተወለደች ናትና። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ እጅግ አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ ከተራራው ሥር ቆመ። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ሐረር ያሏት ይህች ጣቢያ፣ ከፉርጎ የወረደው ጭነት በበቅሎና በግመል ላይ የሚጫንባት ስፍራ ሆነች። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ የውጭ ንግድ አንድ ትልቅ ክፍል እዚህ ወርዶ እዚህ ተጭኗል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ሰፊ ሐዲድም ይህን አላስቀረውም። ኮንቴይነሩ ከባቡር ወደ መኪና ይተላለፋል፣ ተከፍቶ ይታያል፣ ይከፋፈላል። ከተማችን ዛሬም የምትኖረው በመረካከብ ነው።

ከባቡሩ በፊትስ እንዴት ነበር? ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወስደውን የቅፍለት መንገድ እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በመጽሐፉ ገልጾታል። በሐረር በእጅ የሚሸመነውን ልብስ ውበቱንና ጥንካሬውን አድንቆ፣ ከአውሮጳ ፋብሪካ ከሚወጣው አብልጦታል። በዚያ መንገድ ላይ ነጋዴው ብቻውን አይሄድም ነበር፤ አባን የሚባል የአገሩ ሰው ይይዛል። አባን መንገድ መሪ ብቻ አልነበረም። የእንግዳውንና የንብረቱን ደኅንነት በስሙ የሚወስድ፣ ጥቃት ቢደርስም የሚሟገት ተጠያቂ ነበር። ይህን የማነሣው ያ ዘመን ከሽፍታና ከዘረፋ ነጻ ነበር ለማለት አይደለም፤ ከቶም አልነበረም። ነገር ግን «ዕቃዬ የት አለ?» የሚባል በስም የታወቀ ሰው ነበረ። የእኔ ካርቶን አምስት ፊርማ እንጂ አንድም አባን አልነበረውም።

የካሣውንም ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት በዓለም አቀፍ የአየር ጭነት ላይ ለሚደርስ ጥፋት ካሣውን የሚወስነው በክብደት ነው። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ከፍተኛው ልክ ለአንድ ኪሎ 26 ልዩ የመሳቢያ መብት ሆኗል። ልዩ የመሳቢያ መብት ማለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን፣ አንዱ ከአንድ የአሜሪካ ዶላር ጥቂት ከፍ ይላል። እንግዲህ አስሉት። ለብቻው ታሽጎ የተላከ፣ ከነማሸጊያው ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ስፌት ቢጠፋ የሚከፈለው ከ13 አይበልጥም፤ ይህም ከሃያ ዶላር በታች ነው። ለሲሚንቶና ለቡና የኪሎ ሚዛን ፍርድ ይሆናል፤ ለእጅ ሥራ ግን አይሆንም። የእጅ ሥራ ዋጋው ያለው በጠፋበት ጊዜ ላይ ነውና፣ ጊዜ ደግሞ በሚዛን ላይ አይወጣም።

ሆኖም ይኸው ስምምነት በር ከፍቷል፤ እኛ ነን ያልገባንበት። ላኪው ዕቃውን ሲያስረክብ ዋጋውን ለይቶ ካስታወቀና የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ ከከፈለ፣ የኪሎው ገደብ ቀርቶ ያስታወቀው መጠን መሠረት ይሆናል። ተቀባዩም በጭነቱ ላይ ብልሽት ሲያገኝ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። አጓጓዡ በበኩሉ ጉዳቱ ከላኪው የአስተሻሸግ ጉድለት የመጣ መሆኑን ካስረዳ ከኃላፊነት ነጻ ይሆናል። ስለዚህ ማሸግ የጉልበት ሥራ ብቻ ሳይሆን የሕግ ሥራም ነው። እኔ ዋጋውን አላስታወቅሁም፤ እናቲቱም ይህ መብት መኖሩን የሚነግራቸው አላገኙም።

ዋጋን ከማስታወቅ የሚቀድመው ደግሞ ዕቃውን ለይቶ ማሳወቅ ነው። የዚህን ጥቅም ለማየት ከእኔ ካርቶን ወደ አገራችን ታላላቅ ቅርሶች አንድ ጊዜ እንሻገር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የተዘረፈውን ንብረት ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ሁለት መቶ ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ዝርፊያው ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ለብሪትሽ ሙዚየም የተገዛው በመዝገብ ስለ ገባ፣ ዛሬ ቁጥሩን ጠቅሰን ይመለስልን እንላለን። በየወታደሩ ሻንጣ የገባው ግን በየቤቱ ተበታትኖ፣ አልፎ አልፎ በጨረታ ላይ ብቅ ሲል ካልሆነ በቀር የት እንዳለ እንኳ አናውቅም። የተዘረፈው በአንድ ጊዜ ነው፤ ፍለጋውን የለየው ግን መዝገብ ነው።

ሌላውም ምሳሌ የላሊበላው አፍሮ አይገባ ነው። ይህ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ከአገር ወጣ፤ ቤልጅግ ውስጥ ከአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶም በ2001 ተመለሰ። ምእመኑም አጥኚውም መልኩን የሚያውቀው፣ ሥዕሉም የተሠራጨ በመሆኑ፣ የእኛ ነው ለማለት ማስረጃ አልቸገረም። የአክሱም ሐውልትም በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ፣ 160 ቶን ያህል የሚመዝነው ድንጋይ በሦስት ተከፍሎ በሦስት በረራ መጣ፤ ያ ሁሉ ክብደት በየመረካከቢያው እጅ ሲለዋወጥ የትኛው ክፍል ከየትኛው እንደሚገጥም የማይታወቅበት ሰዓት አልነበረም። የሥራው ታላቅነት ከአውሮፕላኑ ብቻ የመጣ አይደለም።

በእርግጥ አንዲት ስፌት ሐውልት አይደለችም፤ አውሮፕላንም አንከራይላትም። ሥርዐቱን ግን በጥቂት ወጪ ልንሰጣት እንችላለን። ስለዚህ ለማኅበራችን የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ የእጅ ሥራ አንድ ገጽ መታወቂያ ይዘጋጅለት። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የሚጠቀምበት የቅርስ መለያ ሰነድ አርአያ ሊሆነን ይችላል፤ እርሱም ፎቶግራፍን፣ የተሠራበትን ነገር፣ ልኩን፣ ልዩ ምልክቱንና የሠሪውን ስም ይጠይቃል። በእጅ የተሰፋ ነገር ሁለት ጊዜ አንድ ዐይነት ሆኖ አይወጣም። የቀለሙ አገባብ፣ የክሩ መጀመሪያና መጨረሻ እንደ ጣት አሻራ ነው።

ሁለተኛ፣ ፊርማው ለካርቶን ሳይሆን ለክብደትና ለእሽግ ቁጥር ይሁን። በየመረካከቢያው ካርቶኑ በግራም ይመዘን፤ የእሽጉ ቁጥር ይነበብ፤ ሁለቱም ይጻፉ። ሌባው ብርድ ልብስ ቢተካም ግራሙን ማስተካከል ይቸግረዋል፤ ቢያስተካክለው እንኳ እሽጉ ይመሰክርበታል። ልዩነት የታየ ዕለት ስርቆቱ በየትኛው ሁለት ፊርማ መካከል እንደ ሆነ ይታወቃል።

ሦስተኛ፣ ከውጭ በኩል ካርቶኑ ስለ ይዘቱ ዝም ይበል፤ ዝርዝሩን ወረቀቱ ይናገር። እኔ ሌባ እንዳያውቅ ብዬ ከወረቀቱም ደበቅሁት፤ በዚህም የደበቅሁት ከሕግ ሆነ።

አራተኛ፣ ለስፌት የሚስማማ ሣጥን ማኅበራችን ይንደፍ። ሣሩ ከድሬ ዳዋ ደረቅ አየር ተነሥቶ በጅቡቲ እርጥብ ሙቀት ሲያልፍ እንዳይሻግት እርጥበት መጣጭ ያሻዋል፤ ጠርዙ እንዳይጨፈለቅም ክብደቱን የሚሸከመው ሣጥኑ እንጂ ስፌቱ መሆን የለበትም። ይህ ለማንኛችንም ከባድ ስሌት አይደለም።

ይህን ሐሳብ ለአንድ የከተማችን ነጋዴ ባጫወትኋቸው ጊዜ፣ «ወረቀት ሲበዛ ወጪ ይበዛል፤ ድሮ በመተማመን ነበር የምንሠራው» አሉኝ። የወጪው ነገር እውነት ነው፤ ለርካሽ ዕቃ ይህን ሁሉ ድካም አልመክርም። ስለ መተማመን ግን ልለይ። አባንን ያሳመነው ስሙ ነበር፤ ስሙም መዝገቡ ነበር። ዛሬ ዕቃችን በማናውቃቸው ሰዎች እጅ ሲያልፍ፣ የስሙን ቦታ የሚወስደው ወረቀቱ ነው። ከዚህም ሌላ መታወቂያው ለሐቀኛው ነጋዴ ራሱ መከላከያ ይሆነዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላልና፣ አሮጌው ቅርስ በአዲስ እጅ ሥራ ስም ሾልኮ እንዳይወጣ፣ አዲሱም በቅርስነት ተጠርጥሮ እንዳይያዝ፣ ማን መቼ እንደ ሠራው የሚናገር ወረቀት ለሁለቱም ይጠቅማል።

በመጨረሻ፣ የመታወቂያውን ረቂቅ ይዤ ባለፈው ወር ወደ እኒያ እናት ዘንድ ሄጄ እንደ ነበር ልንገራችሁ። ልጃቸው መስመር በመስመር አነበበላቸው። ልኩን፣ ቀለሙን፣ ክብደቱን ሲሰሙ ምንም አላሉም። «የሠሪዋ ስም» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን አስቆሙትና፣ «ስሜ ከስፌቱ ጋር ይሄዳል?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን፣ እስከ መጨረሻው ይሄዳል አልኋቸው። እንደሚሰፉ ቃል አልሰጡኝም። ስወጣ ግን ልጃቸውን አክርማ ከገበያ እንዲያመጣላቸው ሲያዙት ሰምቻለሁ።

ያ አክርማ ስፌት ሆኖ ሲመጣ፣ ማሸጉ የእኛ ፈንታ ነው።