ዝዋይ ዳር፦ ዓሣ አዳኝ ወፎችን ፎቶ ማንሳት



የዝግጅት ኮሚቴው «ከሥራ ውጪ ስለምታደርጊው ነገር አውሪን» ሲለኝ ደስ ነው ያለኝ። ከተመረቅን ጀምሮ ስንገናኝ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ስናወራ ነው የኖርነው፤ ዛሬ እንኳ በሽተኛው ይረፍ። ዱቲ በሌለብኝ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቄ፣ ባቱ ከተማ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ካሜራ ይዤ ታገኙኛላችሁ። የማነሳው ዓሣ የሚያድኑ ወፎችን ነው።

ለምን ዝዋይ? ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ጥልቀት ግን የለውም፤ በአማካይ 2.5 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መቂና ቀጣር ወንዞች ይገቡበታል፣ ቡልቡላ ይወጣበታል። እንዲህ ያለ ውኃ ለወፍ የተዘረጋ ገበታ ማለት ነው፤ ቆሮሶውም አምባዛውም ከላይ ቅርብ ነው። ደግሞ ወፎቹ ከዓሣ አጥማጆች ጋር አብረው ስለሚውሉ ሰው ሲያዩ ቶሎ አይሸሹም።

አሁን በስክሪኑ የምታዩዋት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ወፍ ኪንግፊሸር ትባላለች። ደረቷ ላይ አንድ ጥቁር መቀነት ስላላት ሴት ናት፤ ወንዱ ሁለት አለው። ውኃው ላይ አየር ውስጥ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ክንፏ ይርገበገባል፣ ጭንቅላቷ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ዓይኗ ዓሣው ላይ ነው። ከዚያ እንደ ድንጋይ ትወረወራለች። ስትወረወር አይቶ ካሜራውን የሚጫን ሰው የሚያገኘው የውኃ ፍንጣቂ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጥ ብላ ስትቆም ጀምሬ ነው የምከታተላት። የመዝጊያውን ፍጥነት ከሰከንድ 1/2000 አላወርደውም፤ ካነሰ ክንፏ ጭስ ይመስላል። ፀሐይም ነፋስም ከኋላዬ እንዲሆኑ አድርጌ እቆማለሁ። ወፍ ነፋስን ፊት ለፊት ስለሚገጥም ፊቷ ወደ እኔ ይሆናል። ይህም ሁሉ ሆኖ ከመቶ ፎቶ ሁለት ሦስቱ ቢተርፉ እሰየው ነው። እሷም ብትሆን በየውርወራው አይቀናትም፤ ባዶ አፏን ወጥታ፣ ላባዋን አራግፋ፣ እንደገና ትሞክራለች።

ይቺኛዋ ደግሞ ጥቁር ሄሮን ናት። ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ትገባና ሁለት ክንፎቿን ወደ ፊት አጥፋ ራሷ ላይ እንደ ጃንጥላ ትዘረጋቸዋለች። ጥላው የውኃውን ነጸብራቅ ሳይቀንስላት አይቀርም፤ ትንንሽ ዓሦችም መሸሸጊያ መስሏቸው ይገባሉ ይባላል። በጥላው ውስጥ የሚሆነውን አላይም፤ የማየው ጃንጥላው ሲታጠፍ የሚወጣውን ምንቃር ነው።

የሚቀጥለው የፔሊካኖች ነው። ነጩ ፔሊካን ከሰማይ አይወረወርም፤ እየዋኘ ነው የሚያድነው፣ ያውም በደቦ። ስምንት አሥር ሆነው በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይሰለፋሉ፣ ዓሣውን ወደ ዳር ይነዳሉ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ምንቃራቸውን ይነክራሉ። ከምንቃሩ ሥር ያለው ከረጢት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ስንቅ መያዣ አይደለም፤ መረብ ነው። ውኃውን አፍስሰው ዓሣውን ይውጣሉ። ራውንድ ላይ ሲኒየሩን ከበን የቆምንበትን ጊዜ ያስታውሰኛል፤ ልዩነቱ ፔሊካኖቹ አንድም የሚያንቀላፋ ኢንተርን የላቸውም።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ጀልባዎቹ በሚያርፉበት ዳርቻ ዓሣ ይጸዳል፣ አንጀቱና ጭንቅላቱ ይጣላል። እዚያ አባ ኮዳዎች ራሰ በራቸውን ገትረው ሲጠብቁ ታያላችሁ፤ ፔሊካኖችም ይመጣሉ። ጥቂት ብር ከከፈላችሁ ልጆች ዓሣ ይወረውሩላችኋል፣ ፎቶውም ያምራል። እኔ ግን ከዚያ ዳርቻ ራቅ ብዬ ነው የምቆመው። ከሰው እጅ የሚበላ ወፍ ስለ ሰውየው ይነግረኝ ይሆናል፣ ስለ ሐይቁ ግን አንዳች አይነግረኝም። ራሱ አድኖ የሚበላ ወፍ ግን ውኃው ውስጥ ዓሣ እንዳለ፣ ዓሣውም የሚኖርበት ውኃ እንዳለ ይመሰክራል። ለእኔ የሐይቁ ቫይታል ሳይን እሱ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የዝዋይ ጎረቤት አቢጃታ ነው። ቡልቡላ ከዝዋይ ወጥቶ የሚገባው አቢጃታ ነው፤ ከአቢጃታ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ድሮ ፔሊካኖች ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባሉ ደሴቶች ላይ ይፈለፍሉ ነበር። ሻላ ጥልቅ ነው፣ ዓሣው ግን እምብዛም ነው፤ ስለዚህ ለምግብ ወደ አቢጃታ ይመላለሱ ነበር። ከዚያ ከላይ በኩል ለመስኖ የሚጠለፈው ውኃ በዛ፤ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ ይቀዳ ጀመር። አቢጃታ ሸሸ፣ ጨውነቱ ጠነከረ፣ ዓሣው አለቀ። ዓሣ በል ወፎችም ጥለውት ሄዱ።

የሚገርማችሁ ግን ዛሬም አቢጃታ ብትሄዱ ፍላሚንጎ ታያላችሁ፣ ዳርቻው ሮዝ ሆኖ። ጎብኚው «ወይ ውበት!» ብሎ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ፍላሚንጎ የሚበላው አልጌ ነው፣ ጨውም ይችላል። ጉንጩ ቀላ ስላለ ብቻ በሽተኛን ጤነኛ ነህ ብለን አንሰድም አይደል? እዚህም መጠየቅ ያለብን የጠፋው ማነው ብለን ነው። ኪንግፊሸሯ የት ሄደች? ፔሊካኑስ?

ዝዋይም ከዚህ ዕጣ የራቀ አይደለም። በዙሪያው እርሻና የአበባ ልማት አለ፤ ብዙ ሰው እንጀራ የሚበላበት ነው፣ ውኃውም ከዚያው ሐይቅና ከወንዞቹ ይሳባል። ይዘጋ አልልም፤ ከታካሚዎቼ መካከልም በዚያ ሥራ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አሉ። የምለው ይመዝገብ ነው። ያለ ቻርት በሽተኛን የሚከታተል ሐኪም አለ? በየዓመቱ በኅዳር ከአንድ ቦታ ቆሜ አነሳለሁ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን ወፍ ምን እንደያዘ፣ ውኃው የት ድረስ እንደደረሰ እጽፋለሁ። ሽልማት ያገኘ ፎቶ የለኝም፤ ቻርት ግን አለኝ።

ከመካከላችሁ ሐዋሳ ያላችሁ፣ ባሕር ዳር ያላችሁ፣ አርባ ምንጭ ያላችሁ አላችሁ። ውኃው በራችሁ ላይ ነው። ውድ ካሜራ አያስፈልግም፤ የስልካችሁም ይበቃል። አንድ ቦታ ምረጡ፣ በየዓመቱ በአንድ ወር አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ። ለሚቀጥለው መገናኛችን ይዛችሁ ኑ፤ ጎን ለጎን ሰቅለን እናያቸዋለን። የማንኛው ውኃ እንደሸሸ፣ የማንኛው እንደጸና ያኔ ወፎቹ ይነግሩናል።

እስከዚያው ጤና ይስጥልን፤ ሐይቆቻችንንም ከነዓሣቸው፣ ከነወፎቻቸው ያቆይልን።