አረንጓዴ ቱርማሊን ስትመርጡ

አረንጓዴ ፈርጥ ያለው ቀለበት ማሠራት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኤመራልድን ነው። የኛው የሻኪሶ ኤመራልድም ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ገበያ ስም አውጥቷል። አረንጓዴ ቱርማሊን ግን ብዙውን ጊዜ ዋጋው ቀለል ይላል፤ እንደ ኤመራልድ ስንጥቁን ለመሸፈን በዘይት የሚነከረውም እምብዛም ነው።

ድንጋዩን በጣታችሁ ይዛችሁ አዙሩት። ከጎኑ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ በጫፉ በኩል ሲያዩት ሊጠቁር ይችላል፤ የክሪስታሉ ባሕርይ ነው። ጎበዝ ቆራጭ ያ ጥቁረት ወደ ላይ እንዳይመጣ አድርጎ ይቀርጸዋል፤ ብዙዎቹ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚያ የሱቁን መብራት ትታችሁ ደጅ ውጡ። በቀን ብርሃን የማያምር ድንጋይ፣ እኔ ብሆን አልገዛውም።

መስታወት እንዳይሸጡላችሁ፣ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ድንጋዩን ዘንበል እያደረጋችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። የቱርማሊን የጀርባ ጠርዞች ድርብ ሆነው ይታያሉ፤ የመስታወት ግን ነጠላ ናቸው።

ጥንካሬው በሞስ መለኪያ ከ7 እስከ 7.5 ነው፤ ውሃ ከሚመጠው የወሎ ኦፓል ይበልጣል። ቢሆንም በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት ዙሪያውን የሚከልል ወርቅ ይሠራለት። በአልትራሳውንድ ማሽን አይታጠብ፤ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል። ደረሰኙ ላይ «የተፈጥሮ ቱርማሊን» የሚል ቃል፣ ቀለሙም በሙቀት ወይም በጨረር የተለወጠ መሆን አለመሆኑ ሳይሰፍር ገንዘብ አትክፈሉ።