ከሐሰተኛ ጸረ ቫይረስ ኮምፒውተራችንን ስለ ማዳን

(በሆሳዕና፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ ከኮምፒውተር ክበብ አባላት በአንዱ የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ሰዓት ጥቂት ቃል እንዳሰማ ስለ ተፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የመረጥሁት ርእስ ከበዓሉ የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የትምህርት ፍሬ የሚታየው በቤት ነውና፣ በየቤታችን ስለ ገባው ኮምፒውተርና በእርሱ በኩል ስለሚመጣው አታላይ መናገር ለዚህ ቀን የተገባ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በሾኔ ኮምፒውተር የገባባቸው ቤቶች አሉ። አንዱን አባት ከደመወዙ ቆጥቦ ገዝቶታል፤ ሌላውን በደቡብ አፍሪካ የሚሠራ ወንድም ልኮታል። በውስጡም የልጆች የትምህርት ጽሑፍ፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የሱቅ ሒሳብ ተቀምጦ ይገኛል። ስለዚህ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠፋው አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የቤተ ሰቡ መዝገብ ጭምር ነው።

ሐሰተኛ ጸረ ቫይረስ ማለት ምንድን ነው? በገበያ ቀን አንድ የማታውቁት ሰው ድንገት እጃችሁን ይዞ «ታማችኋል፤ ፊታችሁ ገርጥቷል፤ መድኃኒቱ በእኔ ዘንድ ብቻ አለ፤ አሁኑኑ ግዙኝ» ቢላችሁ ታምኑታላችሁን? ሐሰተኛው ጸረ ቫይረስ እንደዚህ ሰው ነው። በኢንተርኔት ስናነብ ሳለን ድንገት ቀይ መስኮት ይከፈታል፤ ደወል ይጮኻል፤ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ከዚያም ገንዘብ እንድንከፍል፣ ወይም አንድ ፕሮግራም እንድናወርድ፣ ወይም በአንድ ስልክ እንድንደውል ያዝዛል። ያልመረመረውን በሽታ አገኘሁ ይላል፤ መድኃኒት ብሎ የሚሰጠንም ራሱ በሽታው ነው።

ይህ ተንኮል የቆየ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዊንፊክሰርና ኤክስፒ አንቲቫይረስ የተባሉትን ሐሰተኛ ፕሮግራሞች ያሰራጩትን ሰዎች ከሰሰ። ተታለው የገዙት ከ1 ሚሊዮን በላይ እንደ ነበሩ ኮሚሽኑ አስታወቀ፤ በ2012ም ፍርድ ቤት ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ፈረደ። በ2011 ደግሞ ማክ ዲፌንደር የተባለው ሐሰተኛ የአፕል ኮምፒውተር ባለቤቶችን አታለለ። በአገራችንም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨትንና በኮምፒውተር ማታለልን ያስቀጣል። ይሁን እንጂ አታላዩ በባሕር ማዶ ተቀምጦ ሳለ ሕግ እስኪደርስበት ድረስ ቤቱን የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው።

እንግዲህ ሐሰተኛውን በምን እናውቀዋለን? ሙሉ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ሲሆን፣ ሐሰተኛው በጥቂት ሴኮንድ ጨረስሁ ይላል። «ሲ» የሚባል ዲስክ በሌለው የእጅ ስልክ ላይ እንኳ «በሲ ዲስክ ቫይረስ አለ» ሲል ይገኛል። ከሁሉም በላይ ግን ያጣድፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፣ የሚያጣድፍ ሁሉ እንድናስብ የማይፈልግ ነው።

መስኮቱ ሲከፈት የሚደረገው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በመስኮቱ ውስጥ ያለውን ምንም ነገር አለመንካት፤ «ዝጋ» የሚለው ምልክት እንኳ ወጥመድ ሊሆን ይችላልና። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አብሮ በመጫን ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ብራውዘሩን ከዚያ መዝጋት ይገባል። ብዙ ጊዜ ነገሩ በዚህ ያበቃል፤ የነበረው ሥዕል ብቻ ነበርና። ማስፈራሪያው በማያው ጥግ ብቅ እያለ ቢመለስ በብራውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን የማናውቃቸውን ድረ ገጾች መሰረዝ ነው።

ሁለተኛ፤ ፕሮግራሙ ወርዶ ተጭኖ ከሆነ ኢንተርኔቱን መቁረጥ።

ሦስተኛ፤ ሺፍትን እንደ ያዙ ሪስታርት ማለት፤ ቀጥሎም ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት የሚሉትን በተራ መርጦ 4 ቁጥርን መጫን። ይህም ሴፍ ሞድ ይባላል፤ ኮምፒውተሩ በአስፈላጊ ነገሮች ብቻ ስለሚነሣ ሐሰተኛው ብዙውን ጊዜ ተኝቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ከፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ ማጥፋት ነው።

አራተኛ፤ ኮምፒውተሩን እንደ ወትሮው አስነሥቶ፣ ኢንተርኔቱን መልሶ፣ ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የሚመጣውን ዲፌንደር ማደስና ሙሉ ምርመራ ማዘዝ። ኦፍላይን የሚባለው ምርመራም አለ፤ ዊንዶውስ ሳይነሣ ስለሚመረምር የተደበቀውን ያገኛል።

አምስተኛ፤ የይለፍ ቃሎችን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ መለወጥ። የባንክን ወይም የቴሌብርን ምስጢር ቁጥር የሰጠ ሰው ሳይውል ሳያድር ለድርጅቱ ያስታውቅ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልዳነ፣ ጽሑፎችንና ፎቶግራፎችን ብቻ ገልብጦ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን የመጨረሻው መፍትሔ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱንም ልብ ማለት ይገባል፤ የማይታደስ ቤት በቀላሉ ይደፈራልና።

እናቶቻችን የእንሰትን አጠውልግ በሽታ ያውቁታል። የታመመውን እንሰት የቆረጠ ቢላዋ በእሳት ሳይነጻ ጤነኛውን ቢነካ፣ ጤነኛውም ይጠወልጋል። የእኛ ቢላዋ ፍላሽ ነው። ሐሰተኛው የሚመጣው በአብዛኛው በኢንተርኔት ቢሆንም፣ ተከትለውት የሚገቡ ቫይረሶች በፍላሽ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይሻገራሉ። ስለዚህ ፍላሽን ሳይመረምሩ መክፈት አይገባም። የቤተ ሰቡንም ጽሑፍና ፎቶግራፍ በየወሩ በሌላ ዲስክ ገልብጦ ነቅሎ ማስቀመጥ መልካም ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

በመጨረሻ ለወላጆቻችን አንድ ቃል አለኝ። የዚህ አታላይ መሣሪያ ፍርሃት ነው። አንድ ልጅ የማይገባውን ቢነካና ቁጣን ፈርቶ ቢደብቅ፣ አታላዩ የሚፈልገውን ጊዜ ያገኛል። «አባዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ወጣብኝ» ብሎ በዚያው ደቂቃ የሚናገር ልጅ ግን ቤቱን ያድናል። ስለዚህ በቁጣ ፈንታ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ፕሮግራሙን እኛ እናወጣዋለን፤ ፍርሃቱን የምታወጡልን ግን እናንተ ናችሁ። ጓደኞቼም የተማርነውን በየቤታችንና በየጎረቤታችን እናሳይ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።