በብርድ ወራት ለሚወለዱ የፍየል ግልገሎች ስለሚደረግ ቅድመ ዝግጅት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ድልድይ፣ ግድብና ፎቅ ነው። በመሆኑም በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ስለ ፍየል ጉረኖ መነገሩ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በደጋው አገር በውርጭ ሌሊት የተወለደ ግልገል ሲነጋ ቆሞ መጥባቱ ወይም በድን ሆኖ መገኘቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በሙቀት፣ በእርጥበትና በነፋስ ሕግ ነው፤ እነዚህም የመሐንዲስ ጉዳዮች ናቸው። ሁለትና ሦስት ፍየል ብቻ ላለው ገበሬ ደግሞ አንድ ግልገል የልጅ ደብተርና ልብስ፣ የዕዳ መክፈያ፣ የክፉ ቀን መውጫ ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የሚጠፋው ንብረት ቀላል አይደለም።

በኢትዮጵያ ደጋ ብርዱ ሁለት ዓይነት ነው። የሐምሌና የነሐሴ ብርድ ከዝናብና ከጭቃ ጋር የሚመጣ እርጥብ ብርድ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ግን ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ የሆነ ደረቅ ብርድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን አካባቢ በእነዚህ ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት በጨረር መልክ ወደ ላይ ትለቃለች፤ ሜዳ ላይ ያደረ እንስሳም እንደዚሁ ሙቀቱን ይለቃል። ግድግዳ የሌለው ዳስ እንኳ ከባዶ ሜዳ የሚሻለው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ግልገልን የሚገድለው የአየሩ ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም። ሂሳቡን በአጭሩ መመልከት ይበቃል። 2 ኪሎ የሚመዝን ግልገል ሲወለድ በቆዳውና በጠጉሩ ላይ 50 ግራም የሽርት ውሃ ይዞ ቢወጣ፣ ይህን ውሃ ለማትነን 29 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ሙቀቱ ሁሉ ከግልገሉ ገላ ቢወሰድና ምንም ባይተካ፣ የገላው ሙቀት ከ17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በወረደ ነበር። በተጨማሪም 2 ኪሎ የሚመዝን ግልገል 30 ኪሎ ከምትመዝን እናቱ ጋር ሲነጻጸር፣ ለያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ለብርድ የሚያጋልጠው ቆዳ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ የግልገል ጠላቶች በቅደም ተከተል ሲጠሩ እርጥበት፣ ነፋስና ረሀብ ናቸው። ሦስቱንም በጥቂት ወጪ መከላከል ይቻላል፤ ዝግጅቱ ግን ከመውለጃዋ ሌሊት በፊት መጀመር አለበት።

1ኛ/ ጊዜን ማስላት። የፍየል እርግዝና 150 ቀን ያህል ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን በመሆኑ፣ ከተጠቃችበት ቀን አምስት ወር መቁጠር ይበቃል፤ በመካከል ጳጉሜን ካለች አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ከሆነ ስድስት ቀን ይቀነሳል። ለምሳሌ ሐምሌ 15 ቀን የተጠቃች ፍየል ታኅሣሥ 10 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ ይኸውም በውርጩ መካከል ነው። ኅዳር 15 ቀን የተጠቃችው ግን ሚያዝያ 15 ቀን ገደማ ትደርሳለች። አውራውን ለይቶ ማቆየት የሚችል ገበሬ መውለጃውን ወር ሊመርጥ ይችላል። ይህን የማይችልም ቢሆን ቀኑን ካወቀ በድንገት አይያዝም።

2ኛ/ መኖ። ጽንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። በዚህ ጊዜ ድርቆሽ፣ ከተገኘም ፉርሽካና ፋጉሎ ለከበደችው ፍየል በተለይ ሊሰጣት ይገባል። ከስታ የምትወልድ ፍየል ደካማ ግልገልና ጥቂት እንገር ይኖራታል።

3ኛ/ ማደሪያ። በዚህ ረገድ ሁለት ስሕተቶች በብዛት ይታያሉ። አንደኛው ነፋስን ጨርሶ አለመከላከል ሲሆን፣ ሁለተኛው ብርድን በመፍራት ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን ነው። ቤቱ በሙሉ ሲደፈን ከትንፋሽና ከሽንት የሚወጣው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ በቆርቆሮ ጣሪያም ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ በእንስሳቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ የሽንቱም ጠረን ሳንባቸውን ይጎዳል። ስለዚህ ግድግዳው ከታች እስከ ፍየሏ ቁመት ድረስ ነፋስ የማያስገባ፣ ከላይ ከጣሪያው ሥር ግን ክፍት መሆን ይገባዋል። በሩ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይሁን። የሣር ክዳን ሙቀትን በመያዝ ከቆርቆሮ ይሻላል፤ ቆርቆሮ ከሆነ ከሥሩ ጭድ በጆንያ ሞልቶ መደርደር ይጠቅማል። ወለሉ ድንጋይም ሆነ አፈር ሙቀትን ይስባልና 15 ሣንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ደረቅ ገለባ ይነጠፍበት፤ ሲረጥብም በላዩ ይጨመርበት። ለአንዲት ወላድ ከነግልገሎቿ 2 ካሬ ሜትር ያህል ይበቃል። በማዕዘኑ ላይ እናቲቱ የማትገባበት፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ የእንጨት ሣጥን ቢቀመጥ ግልገሎቹ በራሳቸው ትንፋሽ ይሞቃሉ። በገለባ መካከል ኩራዝ ወይም ፍም ማስቀመጥ ግን ግልገሉንም ቤቱንም ማቃጠል ነው።

4ኛ/ የመውለጃዋ ሰዓት። ግቷ ሲሞላ፣ በጅራቷ ግራና ቀኝ ያለው ጅማት ሲላላ፣ ከመንጋው ተለይታ ስትቁነጠነጥ ሰዓቱ መቅረቡ ይታወቃል። ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ፣ አዮዲንና ፋኖስ አስቀድመው ይዘጋጁ። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ፤ በግልገል ጉዳይ ግን የምሳሌው የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ይሠራል። ግልገሉ እርጥብ ሆኖ አንድ ደቂቃም መቆየት አይገባውም። አፍና አፍንጫው ተጠርጎ፣ እናቱ እየላሰችው በጨርቅ ይታሽ፤ እትብቱ አዮዲን ይነከር። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥም እንገር ይጥባ። እንገር ምግብም መድኃኒትም ነው፤ በሽታ የሚከላከለውን ኃይል አንጀቱ የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሲሆን፣ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር የመቀበል ችሎታው ይቀንሳል። 2 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል በ24 ሰዓት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልገዋል።

5ኛ/ የበረደው ግልገል። አፉ ውስጥ ጣት ሲገባ የሚቀዘቅዝ፣ መጥባትም ያቃተው ግልገል ወተት በጉሮሮው ሊፈስስበት አይገባም፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋልና። አስቀድሞ ይድረቅ፤ ቀጥሎም በጨርቅ በተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ አጠገብ ተሸፍኖ ይሙቅ። ራሱን ቀና አድርጎ መጥባት ሲጀምር እንገሩ ይሰጠው። የግልገል ጤናማ ሙቀት ከ38.5 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከ37 በታች ከወረደ ነገሩ የደቂቃዎች ጉዳይ ይሆናል።

ክቡራን የሙያ ባልደረቦች፤

በሌሊት ተነሥተው ይህን ሁሉ የሚያከናውኑት አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤትና ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ከብርድ ለማዳን ሲሉ ግልገሎቹን ከምድጃው አጠገብ፣ ከልጆቻቸው ጎን ያስተኛሉ፤ ያላቸው ሞቃት ስፍራ እርሱ ብቻ ነውና። ለገጠር የመኖሪያ ቤት ንድፍ ሲነሣ ከዋናው ግድግዳ ጋር የተያያዘ፣ ነፋስ የማይገባበት የሁለት ካሬ ሜትር ማዕዘን ጨምሮ መሣል የሚጠይቀው ጥቂት የእርሳስ መሥመር ነው። በዚያች ማዕዘን ሰውና እንስሳ ጎን ለጎን፣ ነገር ግን ተለይተው ያድራሉ፤ ግልገሉም የልጆቹን አየር ሳያበላሽ ከነፍሱ ጋር ያነጋል። ድልድይና ግድብ የሚያሰላ ባለሙያ ይህን ሥራ ዝቅ አድርጎ ሊመለከተው አይገባም።