የፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ያሠሩ ሁለት ሴቶች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት ተማሪ የተነገረ)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ሕንፃ ነው። ሕንፃው ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ደርቢ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የተሠራ የአንድ ቧንቧ ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ነው። የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1930 እስከ 1931 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፕላኑን ያወጡት ኖራ አይተንና ቤቲ ስኮት የተባሉ ሁለት ሴቶች ናቸው።

ይህ ምን ያስደንቃል? ትሉ ይሆናል። በዚያ ዘመን ሴት አርክቴክት ብትገኝ እንኳ በአብዛኛው የሚሰጣት ሥራ መኖሪያ ቤት ነበር። ኤቴል ቻርልስ በ1898 ዓ.ም. የብሪታንያ አርክቴክቶች ንጉሣዊ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች፤ በ1905 ዓ.ም. በጻፈችው ድርሰት የብር ሜዳልያ ተሸለመች። ነገር ግን ትልልቅ ሕንፃ የሚያሠራት ስላጣች፣ አብዛኛው ሥራዋ በመኖሪያ ቤቶች ላይ ቀረ። ሜዳልያው በሩን አልከፈተላትም።

ኖራና ቤቲ የተማሩት በሎንዶን ታዋቂ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ነው። ያን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው ማኅበር በ1847 ዓ.ም. ቢቋቋምም፣ ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1917 ዓ.ም. ነው።

የፋብሪካው ባለቤት የኖራ አባት አርተር አይተን ነበሩ። ፋብሪካውም ለኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የእንፋሎት ቧንቧ ይሠራ ነበር። «አባቷ ባይሆኑ ማን ይሰጣት ነበር?» የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው። ግን ልጁን አስተምሮ፣ ከባዱን ሥራ ሲሆን ለሌላ የሚሰጥ አባት ስንት ነው? ደግሞም አባት ሥራ ይሰጣል እንጂ ፕላን አያወጣም።

በዚያን ጊዜ በአውሮፓ አዲስ የሕንፃ አሠራር ተነሥቶ ነበር፤ በጀርመን አገር በደሳው ከተማ በ1926 ዓ.ም. የተመረቀው የባውሐውስ ትምህርት ቤት ለዚህ ምሳሌ ነው። በዚህ አሠራር ክብደቱን የሚሸከመው የብረት ወይም የኮንክሪት አጽም ነው፤ ግድግዳው ከሸክም ነፃ ስለሚሆን መስኮቱ ይሰፋል፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ የሚያጎነብሰው ጸሐፊ ብርሃን ያገኛል። ለታይታ የሚለጠፍ ጌጥ የለም። ይህ አሠራር በእንግሊዝ ገና እንግዳ ሳለ፣ ሁለቱ ሴቶች በፋብሪካ ግቢ ውስጥ ደፍረው ሠሩበት። ሕንፃውም ከዓመታት በኋላ ሊጠበቁ ከሚገባቸው የአገሪቱ ታሪካዊ ሕንፃዎች ጋር ተመዘገበ።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ሴት ልጃችሁን ትምህርት ቤት መላካችሁ የመንገዱ እኩሌታ ነው። የቀረው እኩሌታ፣ ተምራ ስትመለስ ከባዱን ሥራ አምናችሁ መስጠት ነው። እኅቶቼ ሆይ፣ እናንተም ሥራው በተሰጣችሁ ቀን በእጃችሁ እንዳያፍር ከዛሬ ጀምራችሁ ትጉ።

አባቶቻችን «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይላሉ፤ ሠሪው ወንድ ይሁን ብለው ግን አልተረቱም።