ተደምሮ ያልታየው ግብር፦ ከ1960ው የቢቸናና የሞጣ ዐመፅ እስከ ዛሬው ደመወዝተኛ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ሠርቶ አዳሪ በዓመት ውስጥ ለመንግሥት የሚከፍለው በጠቅላላው ስንት ነው? ከመካከላችሁ የደመወዝ ግብር ምጣኔን በቃሉ የሚያውቅ አይጠፋም፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። ድምሩን ብጠይቅ ግን ወዲያው የሚመልስልኝ ሰው የማገኝ አይመስለኝም። ስላላጠናችሁ አይደለም፤ ድምሩ የትም ስላልተጻፈ ነው። እያንዳንዱ ግብር የራሱ አዋጅ፣ የራሱ መዝገብና የራሱ ሰብሳቢ አለው። አንድ ላይ የሚገናኙት በከፋዩ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው።

ነገሩን በዛሬው ደመወዝተኛ ከመጀመር ይልቅ ድምሩ በይፋ ጥያቄ ከሆነበት ዘመንና ቦታ ልጀምር። ቦታው የጮቄን ተራራ ተንተርሰው የሚኖሩት የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች፣ ዘመኑም 1960 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅን፣ ቁጥር 255ን፣ አወጣ። በወረቀት ሲነበብ መልካም ሕግ ነበር። አሥራትን ይሽራል፤ ግብርን በገቢ መጠን ይጥላል፤ ብዙ የሚያገኘው ብዙ፣ ጥቂት የሚያገኘው ጥቂት እንዲከፍል ያዛል። የእኛ ዘመን የግብር መምህር ቢመዝነው ከ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅ ይሻላል ማለቱ አይቀርም፤ እኔም እላለሁ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ገማች አናስገባም ብለው መሣሪያ አነሡ። ዐመፁ ወደ ዳሞት ተዛመተ። ጦር ተላከ፤ መንደሮች በአውሮፕላን ተደበደቡ። በመጨረሻ ወደ ኋላ ያለው መንግሥት ነበር። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ የቆየው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ሕዝቡ የተሻለውን ሕግ ለምን ተቃወመ? የተለመደው መልስ ርስት ነው። ገበሬው ገማቹን እንደ መሬት ለኪ አየው፤ መሬት ከተለካ ርስት ይጠፋል ብሎ ፈራ። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም። ጎጃም በ1930ዎቹ አጋማሽም ሆነ በ1942 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ በመሬትና በግብር ጉዳይ ተነሥቶ ነበር። ገብሩ ታረቀ ስለ ሀገራችን የገበሬ ዐመፆች በጻፉት መጽሐፍ የጎጃሙን ምዕራፍ የሰየሙት ከፈረንሳይ አብዮት ዘመን የቫንዴ ዐመፅ ጋር እያነጻጸሩ ነው፤ ነባር ሥርዓቱን ለመጠበቅ የተነሣ ገበሬ ነውን? የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ የርስት መልስ በክፍል ውስጥ ሲደጋገም ገበሬውን ወግ አጥባቂ ብቻ አድርጎ ማስቀረቱ ነው። ሒሳቡን ማንም ሳይመለከተው ያልፋል።

እስኪ ሒሳቡን እንመልከት። በመጀመሪያ የመሬት ግብር አለ። ቀጥሎ አሥራት። በ1940 ዓ.ም. ገደማ የትምህርት ግብር መጣ። ከዐሥር ዓመት ግድም በኋላ የጤና ግብር ተጨመረ። የትምህርት ግብር ከሚከፍሉት የገጠር አባወራዎች አብዛኞቹ ልጃቸውን የሚልኩበት ትምህርት ቤት በአካባቢያቸው አልነበራቸውም፤ የጤናውም ነገር እንዲሁ ነው። እነዚህ በአዋጅ የወጡት ናቸው። ከአዋጅ ውጭ ደግሞ ለጦር መሣሪያ ማስመዝገቢያ የሚጠየቀው፣ በውዴታ ስም በግዴታ የሚዋጣው፣ ለሹም የሚቀርበው መማለጃ፣ ደረሰኝ ሳይሰጥ የሚወሰደው አለ። የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው፤ የከፈለ ሰው በመዝገብ እንዳልከፈለ ይቆጠራልና ውዝፍ ሆኖ ይመለስበታል።

በዚህ ላይ የርስት ሥርዓቱ የራሱን ክብደት ይጨምራል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት በ1973 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ጥናቱ ከጮቄ ወዲያ ማዶ ይሁን እንጂ የርስቱ ሥርዓት አንድ ዓይነት ነው። መሬቱ በዋና አባት ስም ይጠራል፤ በምንዝር አባቶች ይከፋፈላል፤ የእያንዳንዱን ወገን ጉዳይ የሚከታተለው ሰው ፈጅ ይባላል። አንድ ገበሬ በአባቱም በእናቱም፣ በሚስቱም በኩል ከተለያዩ አባቶች ርስት ስለሚደርሰው ማሳዎቹ በአንድ ቦታ አይገኙም፤ አንዳንዶቹ በሌላ ደብር ሊሆኑ ይችላሉ። ግብሩም መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል። አንዱን ድርሻ ከዚህ ወገን ጋር፣ ሌላውን ከዚያኛው ጋር ይከፍላል። እያንዳንዱ ድርሻ ትንሽ ነው። የመንገዱን ቀን፣ ደጅ የሚጠናበትን ቀን፣ ክርክሩን፣ ከእርሻ የጎደለውን ጊዜ ስትጨምሩበት ግን ትንሽነቱ ይቀራል።

እዚህ ላይ የንግግሬን ዋና ነጥብ ላስቀምጥ። ከአዲስ አበባ ሲታይ ጎጃም ከደቡብ ጠቅላይ ግዛቶች ያነሰ ግብር የሚከፍል፣ ውዝፍ የበዛበት፣ እንዲያውም የተለሳለሰለት ግዛት ነበር። በ1937ቱ አዋጅ በጋሻ እየተለካ የሚከፈለው ምጣኔ፣ ለም ለሆነው መሬት 15 ብር የመሬት ግብርና 35 ብር የአሥራት ልዋጭ፣ በጎጃም አልሠራም፤ ነባሩ አከፋፈል ቀጥሏል። ስለዚህ ግምጃ ቤቱ «ጥቂት ትከፍላለህ» ቢል ውሸት አልተናገረም። ገበሬውም «በዛብኝ» ቢል ውሸት አልተናገረም። ግምጃ ቤቱ የሚቆጥረው ወደ እርሱ የገባውን ነው፤ ገበሬው የሚቆጥረው ከቤቱ የወጣውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በየትኛውም የመንግሥት መዝገብ አይገኝም። አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ከዘረዘራቸው አራት የግብር መርሖች የመጨረሻው ይህንኑ የሚመለከት ነው፦ ግብር ከሕዝብ የሚያወጣው ወደ ግምጃ ቤት ከሚያስገባው እጅግ ሊበልጥ አይገባም ይላል። መርሑን በፈተና ላይ በትክክል የሚጽፍ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፤ በቢቸና ላይ ሲሠራበት ግን አላየሁም።

አሁን ወደ አዋጅ 255 እንመለስ። አሥራት ቀረ፤ የመሬት ግብሩ፣ የትምህርቱና የጤናው ግን እንዳሉ ቀጠሉ። በእነርሱ ላይ ገቢውን በየዓመቱ የሚገምት ኮሚቴ ሊመጣ ነው። ገማቹ መብላት፣ መጠጣት፣ መለመን አለበት። በጽሑፍ የሚሰፍረው ስምም የርስት ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። የገበሬው የሕይወት ልምድ የሚነግረው ደግሞ አዲስ ግብር አሮጌውን ተክቶ ሳይሆን በአሮጌው ላይ ተጭኖ እንደሚመጣ ነው። ስለ ርስት መፍራቱና ስለ ክምሩ መማረሩ፣ በእኔ አስተያየት፣ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች አይደሉም። የገማቹ እግር ሁለቱንም ይዞ ነበር የሚገባው።

ከዚህ ተነሥቼ ወደ ዛሬው ሞጣ ስሻገር ዘመኑ የተለየ መሆኑን አልዘነጋም። አሁን ሕግ አለ፣ ደረሰኝ አለ፣ ደመወዝተኛው ደጅ አይጠናም፤ ግብሩ ገና ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። የከፋዩ ሒሳብ ግን ዛሬም አልተደመረም።

የወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሰው እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በደረጃ ከ15 እስከ 30 በመቶ ይታሰብና ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 840 ብር ነው። (ጡረታ ግብር አይደለም፣ ተቀማጭ ነው የሚል ተማሪ ትክክል ነው፤ የዋጋ ንረት ተቀማጩን ምን እንደሚያደርገው ግን አብሮ ያስላ።) በእጁ 8,910 ብር ይቀራል። ከዚህ ውስጥ 5,000 ብሩን ተጨማሪ እሴት ታክስ ባለበት ዕቃና አገልግሎት ላይ ቢያወጣ ወደ 652 ብር ታክስ ነው። እስካሁን ሦስቱ ሲደመሩ 3,742 ብር፣ ማለትም ከደመወዙ 31 በመቶ በላይ ሆነዋል።

«በሞጣ ያለ ትንሽ ሱቅ እኮ ቫት አይቆርጥም» የሚል ይኖራል። ሱቁ ላይመዘገብ ይችላል። ሳሙናውን ያመጣበት አከፋፋይ ግን ተመዝግቧል፤ ባለ ሱቁ የከፈለውን ታክስ ማስመለስ ስለማይችል በዋጋው ውስጥ ይከተዋል። ደረሰኙ ላይ የለም፤ ሳሙናው ዋጋ ላይ አለ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ሲሆንማ ነገሩ ይደራረባል። በ100 ብር ወደብ የደረሰ ዕቃ 20 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ቢጣልበት 120 ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ የሚሰላው በ120 ላይ ነው፤ 138 ይሆናል። 10 በመቶ ሱር ታክስ ደግሞ በ138 ላይ ይሰላል፤ 151 ብር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። ሦስቱን ምጣኔ ብትደምሩ 45 ናቸው፤ የተከፈለው ግን 51 ብር ከ80 ነው። ስድስት ብር ከ80 ሳንቲሙ ግብር በግብር ላይ የተከፈለበት ነው። ነጋዴው በዚህ ሁሉ ላይ ትርፉን በመቶኛ ሲጨምር ግብሩም ትርፍ ይወልዳል። ጥንት ከጎጃም ወደ ሸዋ የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ በየኬላው እየቆመ ይቀረጥ ነበር። የዛሬው ገዢ ኬላዎቹን አያያቸውም እንጂ የሚያልፈው በእነርሱ ነው።

ከሁሉ የተሰወረው ግን ማንም ያላወጀው ነው። የ2008ቱ የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ ሳይነካ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ነጻ የነበረው 600 ብር ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት የዋጋ ንረቱ በአንዳንድ ዓመት ከ30 በመቶ በላይ ደርሷል፤ ደመወዝ በስም ጨመረ፣ ሠንጠረዡ ግን ባለበት ቆመ። በ2017 ዓ.ም. ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ ሲል፣ በአሮጌው ሠንጠረዥ ያ ሰው በቀጥታ 20 በመቶ እርከን ውስጥ ገባ፤ 649 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ይቆረጥበታል ማለት ነው። ቀድሞ በ1,100 ብሩ ላይ ይቆረጥበት የነበረው 50 ብር ነው። ምጣኔውን ማንም አልጨመረም።  በኋላ ሠንጠረዡ ሲሻሻል ግብሩ ወደ 452 ብር መውረዱ መልካም ነው። ማሻሻያው ግን ለአንድ ጊዜ ነው፤ ከዋጋ ንረት ጋር እየታየ እንዲስተካከል የሚያስገድድ ነገር እስከሌለ ድረስ ሰዓቱ እንደገና መቁጠር ጀምሯል።

ጣሊያናዊው አሚልካሬ ፑቪያኒ በ1903 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ መንግሥታት ግብርን በዋጋ ውስጥ በመደበቅና በትንንሹ በመከፋፈል ሸክሙ ቀሎ እንዲታይ ያደርጋሉ ሲል ተንትኗል። እኔ በእኛ ሀገር ሆን ተብሎ የተሠራ ነገር ነው አልልም። በየዘመኑ የተነሣ ፍላጎት በየራሱ አዋጅ ሲሟላ ክምሩ ራሱን ሠራ። ለተሸካሚው ግን በዕቅድም መጣ በዘልማድ ልዩነት የለውም።

የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያዎች የሚያቀርቡትን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። የሀገራችን የግብር ገቢ ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት አንጻር ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ከአፍሪካም ዝቅተኛ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ትምህርት ቤትና መንገድ ከየት ይሠራል? ይላሉ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ጥያቄውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን የ1960ውን ክርክር አስታውሱ፤ «ጎጃም ጥቂት ይከፍላል» የሚለውም ትክክል ነበር። በሀገር ደረጃ ጥቂት የሚሰበሰበው መረቡ ጠባብ ስለሆነ ነው። በመረቡ ውስጥ ያለው ደመወዝተኛ ግን አማካዩን ሳይሆን ሙሉውን ይከፍላል። አማካዩን ለእርሱ ማንበብ፣ ማሳው በአምስት ደብር ለተበተነ ገበሬ የግዛቱን ገቢ እንደማንበብ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። አዲስ የኢኮኖሜትሪክስ ሞዴል አያስፈልገውም። በቢቸናም ሆነ በሞጣ ኻያ ቤተሰብ ምረጡ፤ አንድ የገበሬ፣ አንድ የመምህር፣ አንድ የጉልት ነጋዴ እያላችሁ። የመሬት መጠቀሚያውን፣ የእርሻ ገቢ ግብሩን፣ መዋጮውን፣ ከደመወዝ የሚቆረጠውን፣ በዘይትና በስኳር፣ በትራንስፖርትና በስልክ ካርድ ውስጥ ያለውን ለአንድ ዓመት መዝግቡ። ለመክፈል የባከነውን ቀንም ጻፉ። ከዚያ ከሥሩ መስመር አስምሩና ደምሩ። በቤታቸው ጣሪያ ሥር ወይም በሣጥን ውስጥ የአያቶቻቸውን የግብር ደረሰኝ ያስቀመጡ ሰዎች ካገኛችሁ ደግሞ ፈቃድ ጠይቃችሁ ቅጂ አንሡ፤ በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ስንት የግብር ስም እንደተዘረዘረ ቁጠሩ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።