መዝገቡ የብዙዎች፣ በሩ የአንድ



የኢንተርኔት አገልግሎቶች በአብዛኛው የተሠሩት በአንድ ማእከል ዙሪያ ነው፤ መዝገቡም ቁልፉም በአንድ ድርጅት እጅ ይገኛል። አሠራሩ ፈጣንና ወጪ ቆጣቢ መሆኑ አይካድም፤ ዳሩ ግን ምሰሶው የወደቀ እንደ ሆነ ጣሪያው አብሮ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በአንድነት ለስድስት ሰዓት ያህል የተቋረጡት፣ በጥገና ጊዜ በተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ምክንያት ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል ተብሎ በብሎክቼይን ላይ ብዙ ተስፋ ተጥሏል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 ሥራ በጀመረው በኢቴሪየም፣ አንዱ መዝገብ በሺህ በሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ዘንድ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱም ኮምፒዩተር አዲስ የሚገባውን ሒሳብ በየራሱ መርምሮ ይቀበላል ወይም ይጥላል። ስለዚህም ማንም ብቻውን መዝገቡን ሊሰርዝ አይቻለውም።

ይሁን እንጂ ተጠቃሚው መዝገቡን በእጅ ስልኩ ተሸክሞ አይዞርም። ሙሉውን ለመያዝ ሰፊ ማከማቻና የማይቋረጥ መስመር ያስፈልጋል። በመሆኑም ብዙ ፕሮግራም ሠሪዎች መዝገቡን አንብቦ መልሱን በሚያቀብል ድርጅት ይገለገላሉ፤ ከነዚህም አንዱ ኢንፉራ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2020፣ ኢንፉራ ይሠራበት የነበረው የቆየ የሶፍትዌር እትም ስሕተት ስለ ነበረበት፣ ኮምፒዩተሮቹ ከዋናው ሰንሰለት ተነጥለው ቀሩ። ሜታማስክ የተባለው የዲጂታል ቦርሳ አገልግሎት ታወከ፤ አንዳንድ የዲጂታል ገንዘብ መገበያያዎችም የኢቴሪየም ገንዘብ ወጪ ማድረግን ለጊዜው አገዱ። ዋናው መዝገብ ግን ሥራውን አላቋረጠም። መዝገቡ ደኅና ሳለ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሽግግሩ የሚመዘነው መዝገቡ በስንት ኮምፒዩተሮች እንደ ተቀመጠ በመቍጠር ብቻ ሳይሆን፣ ተራው ሰው በስንት በር ወደ መዝገቡ እንደሚገባ በመጠየቅ ጭምር ነው። ስለዚህ ባለሙያው አንድን ፕሮግራም ከማእከል የተላቀቀ ነው ብሎ ከመመስከሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ሊመረምር ይገባዋል፤ ይኸውም መልሱን የሚያቀብለው ኮምፒዩተር የማን ነው? ተጠቃሚው ሌላ ሊመርጥ ይችላልን? የተሰጠውንስ መልስ እውነትነት ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላልን? መልስ የታጣ እንደ ሆነ፣ ማእከሉ ስፍራውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም።